ሮምን መጎብኘት፦ ከኢትዮጵያውያን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ወደ ሮም ለመሄድ የሚያስቡ አማርኛ ተናጋሪዎች፣ ከአገር ቤትም ሆነ ከሌላ የአውሮፓ ከተማ የሚነሡ፣ አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ የከተማዋን ዝነኛ ስፍራዎች ቢዳስሱም ረዘም ያለውን ቦታ የሚሰጡት የተለመዱት አስጎብኚዎች በቸልታ ለሚያልፏቸው፣ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ለተሳሰሩ ስፍራዎች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሮምን በወጉ ለማየት ስንት ቀን ይበቃል?

አራት ሙሉ ቀናት ያሉት ሰው ሳይዋከብ ብዙ ማየት ይችላል፤ ሁለት ቀን ብቻ ያለውም ቢሆን ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም። ዋናው ነገር የቀኑ ብዛት ሳይሆን የእያንዳንዱ ቀን አያያዝ ነው። የቫቲካን ሙዚየሞች ግማሽ ቀን፣ ኮሎሲየም የጥንታዊቷ ሮም ማእከላዊ አደባባይ ከነበረው ከፎረሙና ከፓላቲን ኮረብታ ጋር ሌላ ግማሽ ቀን ይወስዳሉ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን የደራረበ ጎብኚ ማታ የሚያስታውሰው ሰልፉንና የእግሩን ሕመም ነው። ስለዚህ ትኬት ከሚጠይቁት ትላልቅ ስፍራዎች በቀን አንዱን ብቻ መያዝና የቀረውን ሰዓት ለእግር ጉዞ መተው ይመከራል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ከነጭራሹ ትኬት ባይቆርጥ ይሻለዋል፤ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ላይ ሆኖ ፎረሙን ቁልቁል ከተመለከተ በኋላ በፓንቴዮንና በናቮና አደባባይ በኩል እስከ ትሬቪ ፏፏቴ በእግሩ ቢሄድ የከተማይቱን መልክ አይቶ ይመለሳል።

የትኛው ወቅት ይመረጣል?

ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም መስከረምና ጥቅምት። ሐምሌና ነሐሴ በሮም የሚያቃጥል ሙቀት የሚበረታባቸው ወራት ናቸው፤ በተለይ በነሐሴ አጋማሽ ብዙ ሮማውያን ከተማውን ለቀው ስለሚወጡ ትንንሽ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ተዘግተው ይገኛሉ። የክረምታቸው ብርድ ለእኛ ሰው ቢከብድም ሰልፉ የሚያጥረው ያኔ ነው።

ቪዛውን መቼ መጀመር ይገባል?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ጠበቅ ያለ አሠራር እንዲሠራበት ስለወሰነ፣ መደበኛው የ15 ቀን የውሳኔ ጊዜ ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ሊገባ ይችላልና ቀኑ እስኪቃረብ መጠበቅ አያስፈልግም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ዋስትናም ከሚጠየቁት ሰነዶች አንዱ ነው።

ኮሎሲየም ውስጥ መግባት የግድ ነው?

የግድ አይደለም፤ ከገቡ ግን ተዘጋጅተው ይግቡ። አፄ ቬስፓስያኖስ ያስጀመረውና ልጁ ቲቶ በ80 ዓ.ም. የመረቀው ይህ ሕንፃ ትኬቱ በስም የሚቆረጥ በመሆኑ በመግቢያው ላይ ፓስፖርት ይጠየቃል። ሽያጩ ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን ቀደም ብሎ በይፋዊው የኢንተርኔት ገጽ ይከፈታል፤ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ በደላላ ዋጋ የሚሸጡ ብዙዎች ናቸው። ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሑድ መግቢያው ነጻ ቢሆንም፣ የዚያን ዕለት ሰልፍ ያየ ሰው ገንዘቡን መክፈሉን ይመርጣል።

ትኬቱ ፎረሙንና ፓላቲን ኮረብታንም ያጠቃልላል፤ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ዋጋውን የሚያወጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ኮሎሲየም ከውጭም ቢታይ ግርማው አይቀንስም። በፎረሙ ውስጥ ያለው የቲቶ ቅስት ግን ቀርበው ካላዩት አይገለጥም፤ በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ስትወድቅ ከቤተ መቅደሱ የተማረከው ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ በሮማውያን ወታደሮች ትከሻ ላይ ሆኖ በድንጋዩ ላይ ተቀርጾ ይታያል። ከእስራኤል ለሚመጡ ወገኖቻችን በሮም ካሉት ቅርጾች ሁሉ ይህኛው የተለየ ስሜት እንደሚያሳድር መገመት አያዳግትም።

በቫቲካንስ ምን ማየት ይሻላል?

ሙዚየሞቹና የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወደ ባዚሊካው መግባት በነጻ ነው፤ ገና በማለዳ የደረሰ ሰው የጥበቃ ፍተሻውን ሰልፍ በአብዛኛው ያመልጣል። ሙዚየሞቹ ትኬት የሚያስፈልጋቸው ሲሆኑ እሑድ ዝግ ናቸው፤ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ግን ለግማሽ ቀን ያህል በነጻ ይከፈታሉ። የሁሉም መድረሻ ሚካኤል አንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 ጣሪያውን የሣለበት የሲስቲን ቤተ ጸሎት ነው። እዚያ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ክልከላውም አንገትን ቀና አድርጎ በጸጥታ ለመመልከት ይረዳል። በሁለቱም ስፍራዎች ትከሻና ጉልበት ተሸፍኖ መግባት ይገባል፤ ነጠላ ወይም ሻርፕ በቦርሳ የያዘች ሴት በሩ ላይ ከሚሸጡት ጨርቅ ለመግዛት አትገደድም።

አቅሙ ያለው ሰው የባዚሊካውን ጉልላት እንዲወጣ አጥብቀን እንመክራለን። ደረጃው በጠቅላላው 551 ነው፤ እስከ ሰገነቱ ድረስ በአሳንሰር የሄደ ሰው ደግሞ 320 ያህል ይቀሩታል። ከላይ ሆኖ አደባባዩን ብቻ ሳይሆን ከኋላ በኩል ያለውን የአትክልት ስፍራ መመልከት ይገባል፤ ለዚህም ምክንያቱ በሚቀጥለው ጥያቄ ይገኛል።

በቫቲካን ውስጥ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ ከመቅደሱ ግድግዳ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በኢጣልያንኛ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ የሚባል የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ አራተኛ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ እንዲሆን እንደሰጡት ይነገራል። በዚያ ዘመን አብዛኛው የአውሮፓ ሰው ኢትዮጵያ የት እንዳለች በማያውቅበት ጊዜ፣ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው በእግርና በመርከብ ሮም የደረሱ መነኮሳት እዚህ ቅጥር ውስጥ ሆነው በግእዝ ይጸልዩ ነበር።

ቦታው ለጸሎት ብቻ ያገለገለ አይደለም። ከሮም ኢትዮጵያውያን ግእዝ የተማረው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በ1513 በዚሁ ከተማ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ በግእዝ ፊደል በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ከ35 ዓመት በኋላ ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ በ1548 እና በ1549 አሳተሙ፤ መቃብራቸውም በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። በ1649 እዚሁ ሮም የነበሩት አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። ሉዶልፍ በ1698 ላሳተመው የአማርኛ ሰዋስው መሠረቱ ከእኒህ መነኩሴ የቀሰመው እውቀት ነው። አማርኛን አንብቦ ለሚረዳ ጎብኚ ከሲስቲን ቤተ ጸሎት ጣሪያ ባላነሰ ሊያስደምመው የሚገባው ይህ ታሪክ ይመስለናል፤ አስጎብኚዎች ግን ሲያነሡት እምብዛም አይሰማም።

ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ባዚሊካው ለሕዝብ ክፍት ስላልሆነ ሄዶ በሩን ማንኳኳት አይቻልም። በዚያው አካባቢ ባለው ኮረብታ ላይ የሚገኘው ጳጳሳዊው የኢትዮጵያ ኮሌጅም በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለ የካህናት ማሠልጠኛ እንደመሆኑ የጎብኚ መዳረሻ አይደለም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚገኘው አማራጭ ሁለት ነው፤ አንደኛው የቫቲካን የአትክልት ስፍራን ጉብኝት አስቀድሞ ማስያዝ፣ ሁለተኛው ቀደም ሲል እንደተባለው ከጉልላቱ ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ መመልከት ነው።

አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠበትን መንገድ መሄድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ሮም ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ከምትሰጣቸው ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል ያለ አይመስለንም። የ1960 ኦሎምፒክ ማራቶን የተለመደውን ሥርዓት ትቶ በስታዲየም አልተጀመረም፣ በስታዲየምም አልተጠናቀቀም። ሴፕቴምበር 10 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለትም በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሯጮቹ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከካምፒዶሊዮ ግርጌ ተነሡ፤ ወደ ደቡብ ወርደውም በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ተመለሱ። በምሽቱ ጨለማ መንገዱን ያበሩት ችቦ የያዙ ወታደሮች ነበሩ። አበበ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን በ25 ሰከንድ ያህል ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ።

ሙሉው 42 ኪሎ ሜትር ለማንም አይመከርም፤ አሁን የመኪና አውራ ጎዳና የሆነው ክፍል ለእግረኛ አደገኛ ነው። የመጨረሻው ክፍል ግን በጠዋት የሚያልቅ ነው። በ118 ቁጥር አውቶቡስ እስከ ቅዱስ ካሊስቶ ወይም እስከ ቅዱስ ሴባስቲያኖ ዋሻ መቃብሮች ሄዶ፣ በጥቁር ድንጋይ ንጣፍ ላይ እየተራመዱ ወደ ከተማ መመለስ ነው። አፒዮስ ክላውዲዮስ መንገዱን ያስጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ነው። በመንገዱ ላይ ቅዱስ ጴጥሮስ ከሮም ሲሸሽ ጌታን እንዳገኘው በትውፊት የሚነገርበት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዚያ በኋላ የቅዱስ ሴባስቲያኖ በር ይመጣል፤ ከበሩ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ያለው መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከበሩ ወዲያና ወዲህ መንገዱ ጠባብ፣ የእግረኛ መሄጃውም የተቆራረጠ ስለሆነ፣ የመኪናው እንቅስቃሴ ቀለል በሚልበት እሑድ መሄድ ይሻላል።

የካራካላን መታጠቢያ ፍርስራሽ አልፈው ፖርታ ካፔና አደባባይ ሲደርሱ ትንሽ መቆም ተገቢ ነው። በ1937 ተዘርፎ የመጣው የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው እዚህ፣ በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንፃ ፊት ነው። አበበ ከተፎካካሪው ተነጥሎ የወጣው በዚህ አካባቢ፣ ሐውልቱን አልፎ ነበር። ሐውልቱ በ2005 በአውሮፕላን ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆሟል፤ አሁን በስፍራው የሚታዩት ለሴፕቴምበር 11 ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የቆሙ ሁለት ጥንታዊ አምዶች ናቸው። ባዶ ቦታ ለማየት መሄድ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ መልሳችን ሐውልቱ አለመኖሩን በዓይን ማየት ራሱ የሚያስደስት መሆኑ ነው። ከዚህ እስከ መጨረሻው በቅዱስ ጎርጎርዮስ መንገድ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። ድሉ 50ኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2010 የሮም ማራቶን፣ ኢትዮጵያዊው ሯጭ ሲራጅ ገና መሪነቱን ይዞ ሲገሰግስ መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ አሸንፏል።

ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚገናኙ ሌሎች ስፍራዎች አሉ?

አሉ፤ አንዳንዶቹም አስደሳች አይደሉም። በዋናው የባቡር ጣቢያ በተርሚኒ የወረደ ጎብኚ መጀመሪያ የሚረግጠው አደባባይ ስሙ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው። አምስት መቶ የተባሉት በጃንዋሪ 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ከዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ ባለችው አነስተኛ የአትክልት ስፍራ፣ የፈርዖን ራምሴስ ሁለተኛ የነበረ የግብፅ ሐውልት ለእነዚሁ ወታደሮች መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም በዚሁ መታሰቢያ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1938 ሰይፉን መዞ የተነሣው በዚህ ስፍራ ነው። አንበሳው ወደ አገሩ ተመልሶ ዛሬ ለገሐር ይገኛል፤ ዘርዓይ ግን በ1945 በኢጣሊያ እንደተያዘ አረፈ። ከሆቴል እስከ ጣቢያ ሲመላለስ በዚህች አጸድ አጠገብ ሳያውቅ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ ቀላል አይሆንም።

በቬኔዚያ አደባባይ ያለው ሰገነት ደግሞ ሙሶሊኒ ሜይ 9 ቀን 1936 ኢትዮጵያን የግዛቱ አካል አድርጎ ያወጀበት ነው። አምስት ዓመቱ ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። በሰሜን በኩል ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ሶማሊያ የሚባሉ ጎዳናዎች ያሉት ሰፈርም አለ፤ መኖሪያ አካባቢ ስለሆነ ከመንገድ ስሞቹ በቀር የሚታይ ብዙ ነገር የለውም።

ገንዘብ ሳይከፈል የሚታይ ምን አለ?

ብዙ አለ፤ ከሁሉ በፊት አብያተ ክርስቲያናቱ ይጠቀሳሉ። ከናቮና አደባባይ አጠገብ ባለው የፈረንሳውያን የቅዱስ ሉዊጂ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካራቫጆ ስለ ቅዱስ ማቴዎስ የሣላቸው ሦስት ሥዕሎች፣ በሳንታ ማሪያ ዴል ፖፖሎ ደግሞ ሌሎች ሁለት ሥዕሎቹ ያለ ክፍያ ይታያሉ። ሳንቲም መያዝ ግን ይጠቅማል፤ ጨለም ባለው ጸሎት ቤት መብራቱ የሚበራው በሣጥኑ ውስጥ ሳንቲም ሲገባ ነውና። ብዙዎቹ በቀትር ስለሚዘጉ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ዘግየት ብሎ መሄድ ያስፈልጋል። ቀድሞ በነጻ ይታይ የነበረው ፓንቴዮን ከጁላይ 2023 ወዲህ መጠነኛ ክፍያ ይጠይቃል፤ ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት የተሠራውንና 43 ሜትር ስፋት ያለውን ጉልላቱን ለማየት ግን የሚያስቆጭ ክፍያ አይደለም።

አቬንቲን ኮረብታ ላይ የማልታ ባላባቶች ቅጥር በር አለ። በቁልፉ ቀዳዳ አጮልቀው ሲያዩ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት በአጸዱ መካከል ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አጠገቡ ካለው የብርቱካን አትክልት ስፍራ ደግሞ ከተማው ሁሉ ወለል ይላል። ውኃም በነጻ ነው፤ በየመንገዱ ያለማቋረጥ የሚፈስሰው የቧንቧ ውኃ ንጹሕ ስለሆነ ባዶ ኮዳ መያዝ ብቻ ይበቃል። ትሬቪ ፏፏቴ ውስጥ የሚጣለው ሳንቲም ካሪታስ ለተባለው የቤተ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት እንደሚሰጥ ማወቅም ሳንቲሙን ሲወረውሩ ደስ ያሰኛል።

የምጾም ሰው ሮም ውስጥ ምን እበላለሁ?

ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ሰዎች የሮም ምግብ ሁሉ ዓይብና ሥጋ ይመስላቸዋል። በእርግጥ ካርቦናራው፣ አማትሪቻናውና ካቾ ኤ ፔፔው ለፍስክ ቀን የሚቆዩ ናቸው። ነገር ግን ፒሳ ማሪናራ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ብቻ ይሠራል፤ ስሙ ባሕርን ቢያስታውስም ዓሣ የለበትም። ፓስታ አራቢያታም በቲማቲምና በሚጥሚጣ መሰል በርበሬ የሚዘጋጅ ነው፤ ሲያዝዙ «ሴንሳ ፎርማጆ» ማለት፣ ማለትም ዓይብ እንዳይጨመርበት መናገር ይበቃል። ፌቱቺኔ የመሰለው ትኩስ ፓስታ እንቁላል ስላለበት ደረቁን ስፓጌቲ መምረጥ ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አርቲቾክ የተባለው የሮም አትክልት ነው። ወቅቱ ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ጸደይ ስለሆነ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። በቀድሞው የአይሁድ ሰፈር እንደ አበባ ተፈልቅቆ በወይራ ዘይት ይጠበሳል፤ ውጩ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። አገሩን የናፈቀ ሰው ተርሚኒ አካባቢ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶችን አያጣም። ሐላል ለሚሹ ደግሞ በቪቶሪዮ አደባባይ ዙሪያ ብዙ አማራጭ አለ፤ በሰሜን ሮም የሚገኘው በ1995 የተመረቀው ታላቁ መስጊድም ለሕንፃ ጥበቡ ሲባል ቢታይ መልካም ነው። ማኪያቶ ባንኮኒው ላይ ቆመው ቢጠጡ ርካሽ ነው፤ በተለይ በታወቁ አደባባዮች የተቀመጠ ሰው ዋጋው እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆንበታል።

እናቴን ወይም አባቴን ይዤ ብሄድስ?

ለወላጅ ሮም ከሁሉ በፊት የሐዋርያት ከተማ ናት፤ መርሐ ግብሩም በዚሁ ቢመራ ይመረጣል። የቅዱስ ጴጥሮስ መቃብር በባዚሊካው፣ የቅዱስ ጳውሎስ መቃብር ከቅጥር ውጭ በተሠራው ታላቅ ባዚሊካ ነው፤ ሁለተኛው በሜትሮ ቢ መስመር በቀላሉ ይደረሳል፣ ሰውም አይጨናነቅበትም። ጴጥሮስ የታሰረበት ነው የሚባለው ሰንሰለት በሳን ፒዬትሮ ኢን ቪንኮሊ ይታያል፤ ሚካኤል አንጄሎ የቀረጸው የሙሴ ሐውልትም እዚያው አለ። ለተርሚኒ ቅርብ የሆነችው ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በኤፕሪል 2025 ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ የተቀበሩባት ናት። ሮም የጴጥሮስ ወጳውሎስን በዓል የምታከብረው ጁን 29 ቀን ሲሆን፣ የእኛው ሐምሌ 5 ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይውላል። የመንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠፍጣፋና ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል፤ ረጅሙን መንገድ በታክሲ መሄድም ስስት አያስፈልገውም።

መጓጓዣውና ደኅንነቱስ?

ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሌዮናርዶ ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያደርሳል፤ ወደ መሀል ከተማ የሚሄዱ ሕጋዊ ነጭ ታክሲዎችም ቁርጥ ያለ ታሪፍ አላቸው፤ ከመሳፈር በፊት ዋጋውን ማረጋገጥ ግን አይጎዳም።

ሮም በጠቅላላው ሰላማዊ ከተማ ብትሆንም ኪስ አውላቂዎቿ የታወቁ ናቸው፤ በተለይ በሜትሮ ኤ መስመርና ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን አካባቢ በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳ በፊት መያዝ አለበት። «ወንድሜ» እያለ ቀርቦ ስጦታ ነው በማለት የእጅ ክር የሚያስር ሰው መጨረሻ ላይ ገንዘብ ይጠይቃልና እጅን ሰብስቦ ማለፍ ነው። የፓስፖርቱን ቅጂ በስልክም በወረቀትም መያዝ ይገባል፤ ዋናው ቢጠፋ ለፖሊስ አመልክቶ የሚሰጠውን ወረቀት ይዞ ሮም ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ መሄድ ያስፈልጋል፤ የአስቸኳይ ጥሪ ቁጥሩ 112 ነው።